«ዛሬ አትቆምም» ላለችኝ ፊዚዮቴራፒስት

«ስሜን እንዳትጠቅስ» ብላኛለች፤ እሺ ብያለሁ። ማመስገን ግን አልከለከለችኝም።

ህብለ ሰረሰሬ የተጎዳው ቲ10 በሚባለው የጀርባ ደረጃ ላይ ነው። ከእምብርቴ በታች ቢቆነጥጡኝም አይሰማኝም። የሚለበሰውን መራመጃ ሮቦት በቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ቀን «አልብሱኝ» ብዬ ስደርስ ግን ያስተኛችኝ ቀስ እያለ የሚነሳ አልጋ ላይ ነው። ለካ ወራት ተኝቶ የከረመ ሰው ድንገት ቀጥ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ግፊቱ ይወድቃል። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ዓይኔ ጨለመ። «ዛሬ አትቆምም» አለችኝ። አኩርፌ ወጣሁ። በኋላ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ አለ፤ የማይራመድ እግር አጥንቱ ይሳሳል፣ ክብደት ሲያርፍበት ሊሰበርም ይችላል።

ከዚያ ደግሞ ከሮቦቱ ጋር ለምትይዘው ክራንች ክንድህን አጠንክር አለች። ሳማርር ስለ አሚት ጎፈር ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በቤት እንዲያገለግል የተፈቀደውን ሪዎክ የተባለ የሚለበስ መራመጃ ሮቦት የፈለሰፈው እሱ ነው፤ ራሱም ሽባ ነው፤ ግን እጁ ክራንች ስለማይጨብጥለት በገዛ ፈጠራው መራመድ አልቻለም። «አንተ እጅ አለህ» አለችኝና ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች።

የተራመድኩ ቀን ክብደቴን ወደ ግራ ሳሳርፍ ሞተሮቹ ዳሌዬንና ጉልበቴን አጥፈው ቀኝ እግሬን ወደፊት ወረወሩት። ዓይኔን ከጫማዬ መንቀል አቃተኝ። ከኋላዬ እንደያዘችኝ «ቀና በል፣ እግርህን እኔ አይልሃለሁ» አለች።

ማየቷንስ ታያለች። ሁልጊዜ ስንጨርስ ካልሲዬን ራሷ አውልቃ ተረከዜንና ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ በስልኳ መብራት ትፈትሻለች። ቀይ ካገኘች ይጠፋ እንደሆን በአውራ ጣቷ ተጭና ትለቃለች፤ ካልጠፋ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። አንዴ ቅልጥሜ ላይ ያለው አልጠፋ ሲል ሁለት ቀጠሮ ሰረዘችብኝ። ያን ቀን አልተቆጣሁም። ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ማንም ሳያየው የከፋ የአልጋ ቁስል ሦስት ወር በሆዴ አስተኝቶኛል።

ሮቦቱ ህብለ ሰረሰርን አይጠግንም፤ ሳወልቀው ወደ ዊልቸሬ ነኝ። ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችኝ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ንጹህ ካልሲ አድርጋችሁ ሂዱ ብቻ፤ ማስወለቋ አይቀርም።