ተንሳፋፊው የኩሬ ማሞቂያ፦ የአሜሪካዋን ሚኒሶታ ዊንተር ካሳለፈ በኋላ

ይህን ማሞቂያ የገዛሁት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ኤፕሪል ነው፤ በረዶው ሟሙቷል፣ ዓሦቹም ወደ ላይ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ሁሉም ተርፈዋል። ስለዚህ በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

የጓሮዬ ኩሬ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ጥልቀት አላት። ውስጧ ጎልድፊሽና ኮይ የሚባሉ ጥቂት ትልልቅ ባለቀለም ዓሦች አሉ። ዕቃው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ክብ፣ 300 ዋት የሚበላ ነው።

ብዙ ሰው ኩሬውን የሚያሞቅ ይመስለዋል። አያሞቅም። ሥራው በረዶው መሃል አንድ ቀዳዳ ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው፤ ለዓሦቹም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ላዩ በረዶ ቢሆንም ሥር ያለው ውሃ እዚያው አካባቢ ይቆያል። ዓሦቹ ታች ወርደው፣ ብዙም ሳይንቀሳቀሱ ይከርማሉ። በቂ ጥልቀት ባለው ኩሬ የሚገድላቸው ብርዱ ሳይሆን መታፈኑ ነው። የወደቀ ቅጠል ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ መጥፎ ጋዝ ይለቃል። በረዶው ከደፈነው ጋዙ መውጫ የለውም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ጃንዋሪ ላይ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲገባ ትልቅ ሳህን ያህል የነበረው ቀዳዳ ጠበበ። በማሞቂያውና በበረዶው መሃል የቀረው ክፍተት ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ገመዱ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ግን አልተዘጋም። በባትሪ ሳበራ ታች ቀዩ ኮይ ክንፉን ቀስ እያደረገ ሲያወዛውዝ አየሁት። ደስታዬን አልደብቅም።

ወጪውም አያስደነግጥም። ቀኑን ሙሉ ቢሠራ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ብናስብ በቀን ከአንድ ዶላር ትንሽ ያልፋል። ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ በዚሁ ሂሳብ ከአምስት ዶላር በላይ ይበላል። ለትንሽ ኩሬ ያ ብክነት ነው።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። መሥራቱን የሚያሳይ መብራት የለውም። አንድ ቀን እርጥብ በረዶ ጥሎ የውጪው ሶኬት ራሱን አጠፋ፤ ያወቅኩት ቀዳዳው ላይ ስስ በረዶ ሳይ ነው። ገመዱም አጭር ነው፣ መመሪያው ደግሞ ኤክስቴንሽን ይከለክላል። የሠሩት ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባ ነበር።

እንዲህ ከተዘጋ በመዶሻ እንዳትመቱት። ንዝረቱ በውሃው አልፎ ዓሦቹን ይጎዳል። ሙቅ ውሃ የያዘ ድስት በረዶው ላይ አስቀምጡ፤ ራሱ አቅልጦ ይከፍተዋል። የአየር ፓምፕ የምትጨምሩ ከሆነም አየሩ በአረፋ የሚወጣበትን ድንጋይ ወለሉ ላይ አታድርጉት፤ የሥሩን ውሃ አማስሎ ያቀዘቅዘዋል። ወደ ላይ ጠጋ ይበል። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ መመገብ አቁሙ፣ ሆዳቸው መፍጨት አይችልም። ቅጠሉን በሚረግፍበት ወቅት በመረብ መከላከል ከሁሉም በላይ ያግዛል።

ኩሬያችሁ ትልቅ ወይም ነፋስ የሚመታው ከሆነ ጠንከር ያለውን ውሰዱ። እንደኔ ላለ ግን ይህ ይበቃል። እኔ አሁን አውጥቼ የያዘውን የኖራ ቅርፊት በኮምጣጤ እያጠብኩት ነው፤ ኦክቶበር ላይ ይመለሳል።