ባለ 300 አምፖሉ ደብሊውኤስ2812ቢ ስትሪፕ ከኢኤስፒ32 ጋር ሲፈተሽ

ደብሊውኤስ2812ቢ በተባለው የኤልኢዲ ስትሪፕ ላይ እያንዳንዱ አምፖል የራሱን መቆጣጠሪያ ቺፕ በውስጡ ስለያዘ፣ በአንድ የዳታ ሽቦ ብቻ ሁሉንም ለየብቻ የፈለጉትን ቀለም እንዲሰጡ ማዘዝ ይቻላል። የሞከርሁት ባለ 5 ሜትሩን ሲሆን በሜትር 60 አምፖሎች አሉት። ደብሊውኤልኢዲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ኢኤስፒ32 በተባለው ዋይፋይ ባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ጭኜ በስልክ ስቆጣጠረው ቀለሙ ደማቅ፣ እንቅስቃሴውም የማይቆራረጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከጀርባው ያለው ማጣበቂያ ግን ለስሙ ነው።

ዋናው ጣጣ ኃይሉ ላይ ነው። አንዱ አምፖል በሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ስለሚስብ፣ 300ዎቹ ባንድ ላይ በ5 ቮልት 18 አምፔር ገደማ ይጠይቃሉ፤ ይህን ከሰሌዳው ወይም ከስልክ ቻርጀር መጠበቅ ዘበት ነው። ኃይሉ በአንድ ጫፍ ብቻ ሲገባ በስትሪፑ ላይ ያለው ስስ መዳብ ቮልቴጁን ስለሚያወርደው፣ ነጩ ብርሃን ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ያደላል፤ ከሁለቱም ጫፍ ወፈር ባለ ሽቦ ሲመገብ ግን ይስተካከላል። የፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ሰጪው) እና የሰሌዳው ግራውንድም (የኔጌቲቭ መስመሩ) የግድ መገናኘት አለበት።

ኢኤስፒ32 የሚያወጣው የዳታ ምልክት 3.3 ቮልት ሲሆን፣ በ5 ቮልት የሚሠራው ስትሪፕ ግን ቢያንስ 3.5 ቮልት ይጠብቃል። አንዳንዴ እንዲያውም ይሠራል፣ አንዳንዴ ያለ ትእዛዝ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መንስኤውን ፍለጋ ከመድከም ምልክቱን ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርገውን 74ኤኤችሲቲ125 ቺፕ መሃል ላይ ማስገባት ይሻላል። ሶፍትዌሩ የአምፔር ጣሪያ ስለሚያበጅ፣ ባለ 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ብቻ ያለው ሰው ድምቀቱ እንዲቀንስ ፈቅዶ ሊጠቀምበት ይችላል።