ኤር ኮንዲሽነሩ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው፦ ማጣሪያውን ማጽዳት ወይስ ጋዝ ማስሞላት?

የቤት ኤር ኮንዲሽነር ሲደክም ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ጋዝ ማስሞላትን ነው። እኔ ግን ማጣሪያውን ማጽዳት ይቅደም ባይ ነኝ።

ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ወደ መሣሪያው የሚገባው አየር ይቀንሳል። በውስጡ ያለው ቀዝቃዛ ቧንቧ ሞቃት አየር ስለማያገኝ ከ0 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል፤ ከአየሩ የሚይዘው እርጥበትም በረዶ ይሠራና የቀረውን መተላለፊያ ይዘጋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ የፊት ክዳኑን መክፈት፣ ማጣሪያውን አውጥቶ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ጥላ ሥር በደንብ ማድረቅ። እርጥቡን መመለስ ሻጋታ መጋበዝ ነውና አይቸኩሉ።

ጋዙ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በታሸገ ቧንቧ ውስጥ አንዴ እየተነነ፣ አንዴ ወደ ፈሳሽነት እየተመለሰ ይዞራል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉና ሳይደፍኑ የሚሞሉ ባለሙያዎች በጣም ያናድዱኛል፤ ገንዘቡም ጋዙም ይባክናል። በብዙ ቤቶች ያለው አር-410ኤ የተባለው ጋዝ ደግሞ አየር ላይ ሲለቀቅ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል።

ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ቧንቧው አሁንም በረዶ ከያዘ፣ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የዘይት እድፍ ከታየ፣ ያን ጊዜ ባለሙያ ይጠራ። ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ወይም በመመርመሪያ ፈልጎ ይጠግን፤ ጋዙንም በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሙላ። ከልክ ማለፉም መጭመቂያውን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር፣ ይጎዳል።