በ48 ዓመቴ ዋና ላስተማረችኝ ልጅ ምስጋና

ሰላም ወዳጆቼ፣ ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ዛሬ ግን 25 ሜትሩን ሳላቆም ጨርሼ ስወጣ ሳልጽፍ አላድርም አልኩ።

ልጅ ሆኜ ለቀልድ ብለው ውሃ ውስጥ ገፍተውኝ ነበር። ከዛ ወዲህ ፊቴን ስታጠብ ራሱ ትንፋሼን ነው የምይዘው። ልጆቼ አደጉልኝ፣ ትንሽ ጊዜ አገኘሁ፣ እስቲ ይሄን ፍርሃት ልገላገለው ብዬ አንድ ቦታ ተመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም። አሰልጣኙ ዳር ላይ ቆሞ ስልኩን እየነካካ "ይግቡ እንጂ" ይለኛል፣ ብረቱን ይዤ አልለቅም ስል ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ "ማዘር በዚህ እድሜ እኮ ይከብዳል" አለኝ። ልብሴን የቀየርኩት እያለቀስኩ ነው። የከፈልኩትንም እዛው ትቼው ሄድኩ።

ይቺ ልጅ ጋር በሰው ጥቆማ ሄድኩ፣ የልጄ እኩያ ናት። የመጀመሪያ ቀን "ዛሬ አንዋኝም" አለችኝና አብራኝ ውሃው ውስጥ ገብታ ደረጃው ላይ ጎኔ ቁጭ አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ያንን የልጅነት ነገር አስወራችኝ፣ አንዴም አልቸኮለችም። ከዛ "አፍዎን ይዝጉና እምምም እያሉ ፊትዎን ይንከሩት" አለች፣ እሷም አብራኝ ነከረች። እምምም ስል ትንፋሼ በአፍንጫዬ ይወጣል፣ ውሃ አይገባም! ፊቴ ስር አረፋው ሲንቦጨቦጭ ሲሰማኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩት ትንፋሽ የወጣ ነው የመሰለኝ። ቀና ስል እያለቀስኩ ነበር፣ እሷ ምንም ሳትል ፎጣ አቀበለችኝ። ይሄን መቼም አልረሳውም።

መንሳፈፉን በሁለተኛው ሳምንት ቻልኩ። ጭንቅላት ቀና ካለ እግር ይሰምጣል ትላለች፣ ሳንባ አየር ሲሞላ ምናምን ብላም አስረድታኝ ነበር፣ እሱን እንኳን በደንብ አልያዝኩትም፣ ብቻ ጆሮዬን ውሃው ውስጥ አድርጌ ጣሪያውን ሳይ ሰውነቴ በራሱ ቀለለልኝ።

እናንተም በ40ም በ50ም ያላችሁ፣ "አሁንማ አለፈኝ" የምትሉ፣ በተለይ ውሃ የምትፈሩ፣ እባካችሁ እሷ ጋር ሂዱ። በጣም ታጋሽ፣ በጣም ሰው አክባሪ ናት። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝና አገናኛችኋለሁ። እውነት እሷ ጋር ሂዱ።

እህቴ ይሄን ካየሽው እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆችሽን ለማየት ያብቃሽ። ሐሙስ እመጣለሁ፣ በጀርባ መዋኘቱን ታስጀምሪኛለሽ ብለሻል፣ አልረሳሁም።