«ዊንዶውስ 11 ከነላይሰንሱ» ሲሏችሁ እጃችሁን ወደ ኪስ ከመስደዳችሁ በፊት

«ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል። ዊንዶውስ 11 ከነላይሰንሱ፣ ከነኦፊሱ፣ ከነአንቲቫይረሱ እንጭናለን፤ በአንድ ሰዓት ይደርሳል።» ፒያሳም ይሁን ማራኪ፣ አዘዞም ቢሆን፣ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ጥገና ቤት የገባ የጎንደር ሰው የሚቀርብለት ጥቅል ይህን ይመስላል። ጥቅሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ዊንዶውስ 11 ለአብዛኛው ሰው በነጻ ይገኛል። አንቲቫይረሱ ዊንዶውሱ ውስጥ አብሮ የተሠራ ነው። ኦፊሱ ክራክ፣ ማለት ጥበቃው ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚጫን ቅጂ ነው። ላይሰንስ የተባለው ደግሞ ላይሰንስ አይደለም። ለባለሙያ የጉልበቱን መክፈል ተገቢ ነው፤ በሐቅ የሚሠሩ ልጆችም በከተማው አሉ። የምናስጠነቅቀው በሌለ ነገር ስም ስለሚጠየቀው ገንዘብ፣ ይልቁንም ገንዘቡ ተከፍሎበት ስለሚጠፋው ፋይል ነው።

«ተዘግቷል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የሴኪዩሪቲ አፕዴት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ኮምፒውተሩ ግን በማግሥቱ አልቆመም። ለቤት ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የሴኪዩሪቲ አፕዴት አለ፤ መመዝገቢያው ሴቲንግ ውስጥ፣ የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይወጣል። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የተባለው የመጨረሻ ቨርዥን መሆን አለበት፤ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባትም ግድ ነው። የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ወደ አካውንቱ ባክአፕ ካደረጋችሁ ክፍያ የለውም፤ ይህን ካልፈለጋችሁ 30 ዶላር ነው። አንድ አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ይሸፍናል። ቨርዥኑን ለማወቅ የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ተጫኑና በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዊንቨር» ብላችሁ ጻፉ፦ ደብልዩ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር። «ዛሬውኑ ካልተቀየረ ቫይረስ ይበላዋል» እያለ የሚያጣድፋችሁ ሰው የቸኮለው ለራሱ ነው።

ወደ ላይሰንሱ እንምጣ። በትክክል አክቲቬት የሆነ ዊንዶውስ 10 ያለው፣ መስፈርቱንም የሚያሟላ ኮምፒውተር ወደ 11 ሲያድግ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ከነዊንዶውሳቸው የተሸጡ ላፕቶፖች ደግሞ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ፎርማት ቢደረጉም፣ ዲስካቸው ቢቀየርም፣ ያው ኤዲሽን (ሆም ወይም ፕሮ) እስከተጫነባቸው ድረስ ኢንተርኔት ሲያገኙ ራሳቸው አክቲቬት ይሆናሉ። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡት ኤሊትቡኮች፣ ላቲቲዩዶችና ቲንክፓዶች በብዛት የዚህ ዓይነት ናቸው። ለእነሱ «የላይሰንስ» ተብሎ መክፈል በራስ ዕቃ ላይ ሁለተኛ ዋጋ መክፈል ነው። የዊንዶውስ 7 ወይም 8 ቁልፍ ብቻ ያለው ሰው ነገሩ ይለያል፤ ያንን መንገድ ማይክሮሶፍት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዘግቶታል።

ታዲያ ሱቁ የሚጭነው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ኬኤምኤስ የሚባለው አክቲቬተር ነው። ኬኤምኤስ ትልልቅ ድርጅቶች በራሳቸው ሰርቨር ለሠራተኛ ኮምፒውተሮች ለ180 ቀን የሚያድሉት ፈቃድ ነው፤ አክቲቬተሩ ዊንዶውሱን አታሎ ከእንደዚህ ያለ ሰርቨር ጋር የተገናኘ ያስመስለዋል። ይህን ዲፌንደር የተባለው የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ ስለሚይዘው ጫኚው መጀመሪያ ዲፌንደሩን ያጠፋል፣ ወይም ሲ ድራይቭን በሙሉ «አትፈትሽ» በሚለው መዝገብ ውስጥ ያስገባል። እንግዲህ አንቲቫይረስ ጨምሬ ሰጠኋችሁ ያለው ሰው ነው አንቲቫይረሱን ያሰረው። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ባንክ ትከፍታላችሁ፣ ቴሌግራም ትገባላችሁ።

ከሁሉ የሚበዛው ማታለል ግን ፕሮሰሰር ላይ ነው። «ኮር አይ7 ነው፣ እንዴት አይችልም!» ይሏችኋል። ዊንዶውስ 11 የሚያየው 7 ወይም 5 መሆኑን አይደለም፣ ጀነሬሽኑን ነው። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ከ8ኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለው ይፈቀዳል፤ ኤኤምዲ ከሆነ በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለው። ኢንቴል ላይ ጀነሬሽኑ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ ነው፣ ከ10ኛው ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች፦ አይ7-6600ዩ ስድስተኛ ነው፣ አይፈቀድም፤ አይ3-8130ዩ ስምንተኛ ነው፣ ይፈቀዳል። አዎ፣ አይ3ው ያልፋል፣ አይ7ቱ ይወድቃል። በሞዴል ስምም አትታለሉ። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ ነው፣ ጂ4 ሰባተኛ፤ ጂ5 «ስምንተኛ ነው» ተብሎ ቢሸጥም በሰባተኛ የተሠራ ጂ5ም አለ። ቲንክፓድ ቲ480ም እንደዚሁ። ስለዚህ ላፕቶፕ ስትገዙ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ተዉትና ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር አንብቡ። «ዊንዶውስ 11 ያለው» ተብሎ የሚሸጥ የስድስተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ መስፈርቱን ዘሎ የተጫነበት ነው።

መስፈርቱን መዝለል ይቻላል፤ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የመጫኛ ፍላሹን ሲሠሩ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩም ይሠራል። ችግሩ ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት የመስጠት ግዴታ የለብኝም ማለቱ ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ ቨርዥንም በራሱ አይመጣም፣ እንደገና ፍላሽ፣ እንደገና ክፍያ። የሆምና የፕሮ ቨርዥን ሁሉ ደግሞ 24 ወር ነው ዕድሜው። 23ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የቆየ ፍላሽ ያለው ቤት ግን ዛሬም ይህንኑ ሊጭንላችሁ ይችላል። ከእሱ ቀጥሎ የወጣው 24ኤች2 የሚያበቃው መቼ ነው? ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.። የዊንዶውስ 10 የነጻ ማራዘሚያ የሚያበቃበት ቀን፣ ያው ራሱ! በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ገንዘብ ተከፍሎ የተጫነ 24ኤች2 ከነጻው አንድ ቀን እንኳ አይጨምርም።

ፕሮሰሰሩ ተፈቅዶ፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም የተባለ የደኅንነት ቺፕ «የለውም፣ ቺፕ መግዛት አለባችሁ» ከተባላችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። በስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ቲፒኤም 2.0 ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል እንጂ። ኤችፒ ላይ ሲነሣ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ተጭናችሁ ትገባላችሁ፤ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ከመንካታችሁ በፊት ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) መኖሩን እዩ። ካለ ባለ 48 አኃዙን መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉና ቢትሎከሩን ለጊዜው አግዱት፤ አለበለዚያ ባዮስ ስትነኩ ቁልፉን ይጠይቃችኋል፣ ከሌለ ፋይሉ ተቆልፎ ይቀራል።

ሌላው ወጥመድ እዚሁ ባዮስ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን የአነሣስ መንገድ ይፈልጋል። የድሮው አጫጫን ሌጋሲ በተባለው በቆየው መንገድ ከሆነ (በትንሿ ሳጥን በእንግሊዝኛ ፊደል ኤምኤስኢንፎ32 ብላችሁ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር እዩ) ባዮሱን ዝም ብሎ ወደ ዩኢኤፍአይ የሚቀይር ልጅ ኮምፒውተሩ እንዳይነሣ ያደርገዋል፤ ዲስኩ ገና ኤምቢአር በተባለው በድሮው አከፋፈል የተከፋፈለ ነውና። ከዚያ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» ይመጣል። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ባዮሱ ወደ ሌጋሲ ሲመለስ ይነሣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ኤምቢአር2ጂፒቲ በሚለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ዲስኩን ማስፈተሽ፣ ካለፈ መቀየር፣ ከዚያ ነው ባዮሱ። ዲስኩ ውስጥ ሎጂካል ፓርቲሽን (በሌላ ክፍል ውስጥ የተከፈለ ክፍል) ካለ ፈተናውን አያልፍም፤ እዚህ አገር ሲ እና ዲ ተብሎ በቆየ መንገድ የተከፈለ ዲስክ ይህ አያጣውም። ዲ ላይ ያለው ወደ ውጭ ተገልብጦ ፓርቲሽኑ ይሰረዝና እንደገና ይሞከራል።

ጠረጴዛው ላይ የሚደመጠው ንግግር ደግሞ ይህን ይመስላል።

«እትዬ፣ ይሄ ፎርማት ካልሆነ 11 አይቀበልም።»

«ፋይሎቼስ?»

«ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ አይስጉ።»

እውነት ነው፣ ዲ ላይ ያለው ላይነካ ይችላል። የእትዬ ፋይል ግን ዲ ላይ አይደለም። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ቴሌግራም ያወረደው ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ፎርማት የግድ የሚሆነው ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት ከሆነ ነው፤ 11 በ64 ቢት ብቻ ነውና። ሌላው ከ10 ውስጥ ሆኖ ያድጋል፦ የዊንዶውስ 11ን መጫኛ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ ያወርዳሉ፤ ከ5 ጊጋ ባይት ይበልጣል። ዊንዶውስ 10 እንደተከፈተ ሴትአፑን ያስነሡና «የግል ፋይልና ፕሮግራሞች ይቆዩ» የሚለውን ይመርጣሉ። ምርጫው ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ብዙ ጊዜ የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ባለው ኮምፒውተር ላይ የኢንተርናሽናል እንግሊዝኛ ፋይል ከመጣ ፕሮግራሞችን አያቆይም። ሲ ላይ 30 ጊጋ ያህል ክፍት ይኑር፣ ቻርጀሩ ይሰካ፣ የላፕቶፑም ባትሪ የሚይዝ ይሁን። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፤ መብራት ሲሄድ ዊንዶውሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ባዮስ በማደስ ላይ እያለ ከሄደ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ባክአፕ ሲባል ፎቶ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአማርኛ የምትጽፉ ሰዎች ፎንቶቹን አትርሱ። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ ጠፋ ተብሎ የተጣለ ስንት ቃለ ጉባኤ አለ። ሲ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር ገልብጡ፣ የፕሮግራሙንም መጫኛ ያዙ። ኒያላ ከጠፋ አትደንግጡ፤ በአዲሱ ዊንዶውስ ከአማራጭ ፊቸሮች ውስጥ «ኢትዮፒክ» የሚለው የፎንት ጥቅል ሲጨመር ይመለሳል። ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ያላችሁ ፎልደር ከመገልበጥ በፊት ከፕሮግራሙ ራሱ ባክአፕ አውጡ።

የምትገለብጡበትም ፍላሽ ይታመን። ባለ 2 ቴራ ባይት ተብሎ በ64 ጊጋ ዋጋ የሚሸጥ ፍላሽ ውስጡ ያለው ሜሞሪ ጥቂት ነው፤ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲሞላ አዲሱ ፋይል በድሮው ላይ ይጻፋል፣ ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል፤ ለትልቅ ፍላሽ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል፣ ይፍጅ።

ኮምፒውተሩን ከማስረከባችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጫኑና ፐርፎርማንስ ውስጥ የሜሞሪውን መጠን፣ ፍጥነትና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ በስልክ ፎቶ አንሡ። ክሪስታልዲስክኢንፎ ደግሞ የኤስኤስዲውን ሲሪያል ቁጥርና የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። 16 ጊጋ ገብቶ 8 ይዞ የወጣ ላፕቶፕ ወሬ አይደለም። «አዲስ ኤስኤስዲ ነው» ተብሎ የተገጠመ ዲስክም 9,000 ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም። ደረሰኙ ላይ «የኮምፒውተር ጥገና» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ምን እንደተጫነ፣ የትኛው ቨርዥን፣ ዕቃ ከተቀየረ ከነሲሪያሉ ይጻፍ። የከተማው ንግድ መምሪያ ዘንድ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው።

ስትረከቡ ሂሳቡን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሙያው ፊት ሦስት ነገር ክፈቱ። የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን ስትጫኑ በምትከፈተው በዚያችው ትንሽ ሳጥን በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤስኤልኤምጂአር» ክፍት ቦታ «/ኤክስፒአር» ብላችሁ ጻፉ፤ በቋሚነት አክቲቬት ሆኗል ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ የሚያበቃበትን ቀን ከጻፈ ላይሰንስ አልገዛችሁም። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኤክስክሉዥን የሚለውን፣ «አትፈትሽ» የተባሉት ነገሮች የሚጻፉበትን ዝርዝር እዩ፤ ባዶ መሆን አለበት። ሦስተኛው ቨርዥኑን የሚያሳየው ዊንቨር ነው።

ከፍላችሁ የጨረሳችሁና ሥራው ያልጣማችሁ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። ከ10 ውስጥ ሆኖ ያደገ ዊንዶውስ 11 ለ10 ቀን ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል፤ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚለውን ፎልደር «ቦታ ላስለቅቅላችሁ» ብሎ የሚሰርዝ ልጅ ይህን በር ነው የሚዘጋው፤ አሥሩ ቀን ሳይሞላ አታስነኩት።