የደብረ ብርሃን ወላጆች፣ ስለ ልጄ የጀርመንኛ መምህር ላውራችሁ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ትናንት ልጄ የፈተና ውጤቷን ስታሳየኝ ግን ከዚህ በላይ ማሳደር አልቻልኩም።

ልጄ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጀርመንኛ ልማር ያለችው ራሷ ናት። መጀመሪያ አንድ ቦታ ከፍዬ አስመዘገብኳት። ሦስት ወር ሙሉ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ከረመች። ደብተሯ ሞላ፣ አፏ ግን አልተፈታም። አንድ ቀን ማታ ደብተሯን ዘግታ "እማዬ፣ እኔ አልችልም ማለት ነው" አለችኝ። እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልታኝ አታውቅም።

ስለ አሁኑ መምህሯ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ቅዳሜና እሁድ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያስተምራል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። ሥራውን ግን ልናገር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ "እትዬ፣ ከፈለጉ ገብተው ይዩ" አለኝ። ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ደብተር ያወጣ የለም። መምህሩ ሦስቱን አስነስቶ ካርቶን አስያዛቸው። አንዱ ላይ "ኤስ"፣ አንዱ ላይ "ኢስት"፣ አንዱ ላይ "ካልት" ተጽፏል። ተሰልፈው ሲቆሙ "ኤስ ኢስት ካልት" ሆነ። "ብርድ ነው" ማለት ነው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ለምን በዚህ እንደጀመረ ይገባዋል።

ከዚያ አራተኛ ልጅ ጠራ። "ቫይል" የሚል ካርቶን ሰጥቶ ከፊት አቆማት። "ምክንያቱም" እንደማለት ነው። እሷ እንደቆመች "ኢስት"ን የያዘው ልጅ ቦታውን ለቆ ሮጦ መጨረሻ ሄደ። "ቫይል ኤስ ካልት ኢስት"። መምህሩ "እስቲ በአማርኛ በሉልኝ" አላቸው። "ብርድ ስለሆነ!" "ግሱ የት ገባ?" "መጨረሻ!" ብለው ጮኹ። "አያችሁ፣ ይሄን እናንተ ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ ኖራችኋል" አላቸው።

የልጄን ፊት ያኔ ብታዩት! ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ስትማር ይህ ነገር የሌለ ጣጣ መስሏት ነበር። እንግሊዝኛ ግሱን እንዲህ ወደ መጨረሻ አይልክም። አማርኛ ግን ይልካል። ልጆቻችን በራሳቸው ቋንቋ ተመርኩዘው መሄድ እንደሚችሉ ያሳያት ሰው አልነበረም።

ሌላው የክሩ ነገር ነው። ጀርመንኛ ውስጥ እያንዳንዱ ስም "ዴር"፣ "ዲ" ወይም "ዳስ" አለው፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ። መምህሩ ከሹራብ ክር ቆርጦ ሦስት ቀለም አደላቸው። ሰማያዊ ለ"ዴር"፣ ቀይ ለ"ዲ"፣ አረንጓዴ ለ"ዳስ"። ቤታችሁ ሂዱና እሰሩ አላቸው። አሁን እኛ ቤት ማንኪያው ሰማያዊ፣ ሹካው ቀይ፣ ቢላዋው አረንጓዴ ክር አስሯል። በሩ ቀይ፣ ጠረጴዛው ሰማያዊ፣ አልጋው አረንጓዴ። ትንሹ ልጄ እንኳን ምሳ ሲቀርብ "ዴር ማንኪያ" ማለት ጀምሯል። ለምን ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት ሆነ ብዬ መምህሩን ጠይቄው ነበር። "እትዬ፣ ከቃሉ ጋር አብሮ መያዝ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም" አለኝ። ያላወቀውን እንዳወቀ አያስመስልም፤ ይህን ወድጄለታለሁ።

የሩጫ ጽሑፍ የሚሉትም አለ። አጭር ጽሑፍ ውጭ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። አንዱ ሮጦ አንብቦ፣ በቃሉ ይዞ ተመልሶ ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ጓደኛው ይጽፋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልጆቹ ጀርመንኛ ስም ሁሉ በትልቅ ፊደል መጀመሩን ይረሳሉ። ስለዚህ ተናጋሪው ስም ላይ ሲደርስ አንዴ በእግሩ ይመታል። ቅዳሜ በዚያ ያለፈ ሰው ጭፈራ ያለ ይመስለዋል። ቁጥሩን ደግሞ ሱቅ ከፍተው ድንችና ሽንኩርት እየተሻሻጡ ነው የለመዱት። ጀርመኖች ሃያ አንድን "አንድ እና ሃያ" ስለሚሉ መልስ ሲሰጣጡ ይሳሳታሉ፣ ይስቃሉ፣ ይለምዳሉ።

ከሁሉ የማልረሳው አንኮበር የሄዱበትን ቀን ነው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እንደ ፈረንጆች በ1839 ሸዋ ገብቶ እስከ 1842 ድረስ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እዚህ ቆይቷል። መምህሩ ይህን ታሪክ ተራራው ላይ አስቀምጦ ነገራቸው። ከዚያ "ክራፕፍ እናንተ ናችሁ፤ አገራችሁ ላለች እናታችሁ አምስት መስመር ጻፉ" አላቸው። ልጄ የጻፈችው እስካሁን አለኝ። ብርዱን፣ ንጉሡን፣ ገብሱን ጠቅሳለች። መጨረሻ ላይ "እናቴ ናፍቃኛለች" ብላ ዘግታዋለች፤ ተርጉማ ስታነብልኝ አለቀስኩ።

ፈተናውን አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ቋንቋና ባህል ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ወሰደች። ለወጣቶች የተዘጋጀው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፣ ኤ 1 የሚሉት። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው። ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። ልጄ በሰፊው አልፋለች። ንግግሩ ላይ ካርድ አንስቶ መጠየቅና መመለስ ነው ሲሏት "ይሄማ የቅዳሜው ጨዋታ ነው" ብላ ገባች።

መምህሬ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። "አልችልም" ያለችኝን ልጅ ነው የመለስክልኝ።

ልጃችሁን ማስገባት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በሁለት ወር ቋንቋውን ጨርሶ ቪዛ ለመጠየቅ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ እሱ ራሱም በግልጽ ይነግራችኋል። ከአሥራ ሁለት ልጅ በላይም አይቀበልም። ክፍሉ ጠዋት ፀሐይ ስለማያገኝ ጋቢ አስይዛችሁ ላኳቸው።