ቃለ ጉባኤ የሚያረቀው ሶፍትዌር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

መሥሪያ ቤታችን የስብሰባ ድምፅ ሰምቶ ቃለ ጉባኤ የሚያረቅ የኤአይ ሶፍትዌር ከገዛ ወራት ተቆጥረዋል። በብዛት የምጠቀምበት እኔ ነኝ። የአቅራቢውን ስም ልተወው።

አንድ ሰው ረጋ ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ ጽሑፉ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ድሮ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ግማሽ ቀን የምገለብጠው አሁን በእርማት ብቻ ያልቃል። ይሄ ቀላል እረፍት አይደለም።

ክርክር ሲነሳ ነው ጉዱ። ሁለት ሰው እኩል ካወራ ማን ምን እንዳለ ይጠፋዋል። አዳራሹ ጸጥ ሲል ደግሞ ማንም ያልተነፈሰውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት የተባለ ቀጠሮ ካላንደሩ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ይገባል። "ፀሐይ"ን አንዴ "ጸሃይ" ብሎ ስለሚጽፍም ፍለጋው ግማሹን አያገኝም።

ይህ ሁሉ ይታረማል። የሚያስፈራው ሐሳብን ውሳኔ ማድረጉ ነው። አንድ የኮሚቴ አባል "ቢገዛ ጥሩ ነው" ይላል፤ ረቂቁ ላይ "እንዲገዛ ተወስኗል" ተብሎ ይመጣል። ቃለ ጉባኤ ደግሞ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ ኦዲተርም ይጠይቀዋል። ስለዚህ የውሳኔውን ክፍል ዛሬም በእጄ ነው የምጽፈው።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በአቅራቢው ማሳያ አትወስኑ። ማሳያው ላይ ማንም አያቋርጥም፣ ማንም አያስልም። ምስጢር የሌለበትና ቃለ ጉባኤው የተፈረመ የቆየ ስብሰባ ድምፅ ስጡትና አስተያዩ። ፈተናው በጨረታ ሰነዱ የቴክኒክ መስፈርት ሆኖ ካልገባ፣ ርካሽ ዋጋ ያቀረበው ይዞት ይሄዳል።

ዋጋውንም በአማርኛ ገጽ አስሉ። ብዙ የቋንቋ ሞዴሎች (ጽሑፉን የሚያዘጋጁት የኤአይ ፕሮግራሞች) የሚያስከፍሉት በቶክን፣ ማለትም ጽሑፉን በሚሸራርፉበት ቁራጭ ብዛት ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ስለሚሸራረፍ ያው ይዘት ብዙ ያስከፍላል። ክፍያው በዶላር ከሆነማ ፋይናንስ ክፍል ይጠራችኋል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ "ድምፁ የት ይቀመጣል?" ማለት የአይቲ ክፍሉ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞዴል ማሠልጠኛ ይሆን እንደሆነ፣ ውሉ ሲያልቅስ ማን እንደሚያጠፋው በጽሑፍ ይመለስ። በቃል "አታስቡ" መባል አይበቃም።

ውሉ ለሪፖርትና ለሥልጠና ስብሰባዎች ይታደስ ብያለሁ። ዲሲፕሊንና ጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ግን አይግባ።